«ሴቭ አድርጌው ነበር እኮ!»

ዛሬ ስለ ፖለቲካ አንጽፍም። ስለ ኑሮ ውድነትም አንጽፍም፤ እሱን ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል። የዛሬው ጽሑፋችን ስለ አንዲት ትንሽ ሳጥን ነው። ኮምፒዩተር ላይ ጽፋችሁ «ሴቭ» ስትሉ ብቅ ስለምትለው፣ ፋይል ልትከፍቱ «ኦፕን» ስትሉም ስለምትመጣው ሳጥን። «ምነው፣ ሥራ ፈታችሁ እንዴ?» የሚለን አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ይበለን። ግን እስከ መጨረሻው ያንብበንና ከዚያ ይፍረድብን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመመረቂያ ዓመታችን ነበር፤ ወሩ ግንቦት። አራት ሆነን ከጠዋት እስከ ማታ ከዩኒቨርሲቲው የኮምፒዩተር ላብ አንወጣም። ከአራታችን ላፕቶፕ ያላት አንዷ ብቻ ነበረች፤ የእሷም ባትሪው ሞቶ ገመድ ካልተሰካ አይነሣም። አንደኛዋ ጓደኛችን ለመመረቂያ ጽሑፏ አሥራ አንድ ሰው አነጋግራ፣ ድምፁን ወደ ጽሑፍ እየገለበጠች ነበር። ጋዜጠኝነት የተማረ ሰው ይህን ሥራ ያውቀዋል። የአንድ ሰዓት ወሬ መገልበጥ ግማሽ ቀን ይበላል። የዚያን ዕለት ጠዋት የአንድ አዛውንት ቃለ መጠይቅ ገልብጣ ጨረሰች። መቅጃዋ ሞልቶባት ስለነበር «አሁንማ ተጽፏል» ብላ ድምፁን አጠፋችው። ልጅቷ ዝርክርክ አይደለችም። በየአሥር ደቂቃው ሴቭ ታደርጋለች። ፍላሿን ቫይረስ እንዳይገባበት ቦርሳዋ ውስጥ አስቀምጣ፣ ማታ ስትወጣ አንዴ ልትገለብጥበት ነው ሐሳቧ።

አሥር ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ ተነሣ፤ ኮምፒዩተሩም ተነሣ። ፋይሉ ግን የለም። ዶክመንትስ የሚለው ፎልደር እንደተወለደ ሕፃን ንጹሕ ነው።

«ሴቭ አድርጌው ነበር እኮ!» አለች። ሦስት ጊዜ።

ላቡን የሚጠብቀው ሰው ከወንበሩ ሳይነሣ መለሰላት። «ዲ ላይ ነበር ሴቭ ማድረግ የነበረብሽ። ሲ ላይ ያለው ሁሉ ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ይጠፋል። ለቫይረስ ተብሎ ነው። አታውቂም እንዴ?»

አታውቅም ነበር። እኛም አናውቅም ነበር። የላቡ በር ላይ የተለጠፉትን ማስታወቂያዎች ተመልሰን አነበብናቸው። ምግብና መጠጥ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ጮክ ብሎ ማውራት ክልክል ነው። ወንበር ማንቀሳቀስ ክልክል ነው። ዶክመንትስ ውስጥ ያስቀመጠ ሰው የቀኑ ድካሙ ውኃ እንደሚበላው የሚናገር ግን አንድ መስመር የለም። ጓደኛችን አዛውንቱን ዳግመኛ ልታነጋግራቸው ስትሄድ ታመው አልጋ ላይ አገኘቻቸው። ጠይቃቸው ተመለሰች። መመረቂያ ጽሑፏ በአሥር ሰው ቃል ተጠናቀቀ።

እንግዲህ ጥያቄያችን አንድ ነው። ጥፋቱ የማን ነው?

በየመሥሪያ ቤቱ የተለመደው መልስ «የተጠቃሚ ስህተት» የሚል ነው። እኛ ይህን መልስ አንቀበልም። ለምን ቢባል፣ ልጅቷ ሴቭ ስትል ሳጥኗ «የት ላስቀምጥልሽ?» ብላ አልጠየቀቻትም። «ዶክመንትስ ውስጥ ላስቀምጥልሽ» ብላ ራሷ አቀረበችላት፤ ልጅቷ ደግሞ እሺ አለች። እሺ ማለት ስህተት ከሆነ፣ እሺ እንድትል አድርጎ ያዘጋጀው ሰው ምን ሊባል ነው?

ሳጥኗ ከሰማይ አልወረደችም። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1992 ካወጣው ዊንዶውስ 3.1 ጀምሮ፣ ፕሮግራም ሠሪዎች የየራሳቸውን ሳጥን ከመሥራት ይልቅ የሚዋሷት አንዲት የጋራ ሳጥን ተዘጋጅታለች። በዚህ የተነሣ ኖትፓድም ሆነ ሌላው ፕሮግራም ሴቭ ሲሉት የሚያመጣው ሳጥን የአንድ እናት ልጅ ይመስላል። የዚህ ጥቅሙ ታዲያ፣ ሳጥኗን አንድ ቦታ ላይ አስተካክሎ ብዙ ፕሮግራም ማስተካከል መቻሉ ነው። በዊንዶውስ 2000 ጊዜ በግራ ጎኗ አምስት ቦታዎች የተደረደሩበት ዓምድ መጣላት። እነዚያ አምስት ቦታዎች የትኞቹ እንደሚሆኑ የድርጅት ኮምፒዩተር የሚያስተዳድር ሰው ግሩፕ ፖሊሲ በሚባለው መሣሪያ ራሱ መምረጥ የሚችልበት መንገድም ተዘጋጀ። ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ሳጥኗ መልኳን ስለለወጠች ያ ትእዛዝ የሚሠራው የድሮዋን ሳጥን በሚጠሩ ፕሮግራሞች ላይ ብቻ ነው። ግን ሌላ መንገድ አልጠፋም። ዶክመንትስ የሚለውን ፎልደር በማውሱ ቀኝ ተጭኖ ፕሮፐርቲስ ውስጥ መግባት፣ ሎኬሽን የሚለውን መክፈት፣ ከዚያ ወደ ዲ ማዛወር። አለቀ። ከዚያ በኋላ ተማሪው ምንም ሳያውቅ «ዶክመንትስ» ሲል ፋይሉ ዲ ላይ ያርፋል። ወርድ ላይም ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ሴቭ ብሎ ገብቶ ጽሑፍ በነባሪ የሚቀመጥበትን ቦታ መቀየር ይቻላል።

ይህ ሁሉ ሻይ ሳይቀዘቅዝ የሚያልቅ ሥራ ነው። ያ የላብ ኃላፊ ሲን ለመቆለፍ ጊዜ ነበረው፤ ለቫይረሱ ተጨንቋል። ለተማሪዋ ግን አልተጨነቀም። በእኛ አገር የኮምፒዩተር አስተዳዳሪነት ማለት ብዙ ጊዜ ኮምፒዩተሩን ከሰው መጠበቅ ማለት ነው። ሰውን ከኮምፒዩተሩ የሚጠብቅ ግን የለም።

ደግሞ ሌላ ወገን አለ። «አሁን እኮ ዘመኑ ተቀይሯል፤ ክላውድ አለ፤ ፎልደር ምናምን የድሮ ሰው ወሬ ነው» የሚሉን አሉ። እውነቱን እንናገር። ያን ቀን የጓደኛችን ፋይል ክላውድ ላይ ቢሆን ኖሮ አይጠፋም ነበር። ይህን አንክድም። ክላውድም ጠላታችን አይደለም።

ጠላታችን አለመጠየቅ ነው። የዛሬው ወርድ ሴቭ ስትሉት መጀመሪያ የሚያቀርብላችሁ ዋንድራይቭን ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ አንድ እርምጃ ጨምሮ፣ በዊንዶውስ ላይ ያለው ወርድ አዲስ ጽሑፍን ከመጀመሪያው በራሱ ክላውድ ላይ እንደሚያስቀምጥ አስታወቀ። የማይፈልግ ሰው ኦፕሽንስ ገብቶ ያጥፋው ነው ነገሩ። ለማይፈልገው እንዲያጠፋው ከመተው ለሚፈልገው እንዲያበራው መተው ምን ነበረበት? በነጻ የሚሰጠው ቦታ 5 ጊጋባይት ነው፤ እሱ ሲሞላ ክፍያ ይመጣል። በሜጋባይት ካርድ እየገዛ ለሚኖር ሰው ደግሞ እያንዳንዱ ሴቭ ዋጋ አለው።

ዋጋው ብር ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለሳምንታት መቆየቱን ማን ይረሳዋል? በትግራይ ከ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ ለረጅም ጊዜ ስልክም ኢንተርኔትም አልነበረም። በአማራ ክልልም በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቷል። ዋንድራይቭ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ቦታ ለመቆጠብ ሲባል የፋይሉን ምስል ብቻ ኮምፒዩተራችሁ ላይ ትቶ፣ ሥጋውን ክላውድ ላይ የሚያስቀምጥበት አሠራር አለው። በኦፕን ሳጥን ውስጥ ስሙን ታዩታላችሁ። ትከፍቱታላችሁ። ኢንተርኔት ከሌለ አይከፈትም። ስሙን እያዩ ፋይሉን ማጣት! እንግዲህ የሲያትል አካባቢ መሐንዲስ መስመሩ በየወሩ እንደማይቋረጥበት ሆኖ ያዘጋጀውን ነገር ደሴ ያለ መምህር ሳይጠየቅ ሲወርሰው፣ እሱም «ዘመናዊነት» ይባላል?

ነጻ ሶፍትዌር ሠሪዎቹስ ብትሉን፣ እነሱም ቢሆን ከዚህ አባዜ ነጻ አይደሉም። በብዙ የሊኑክስ ፕሮግራሞች ውስጥ ያለው የጂቲኬ የፋይል ሳጥን ፎቶዎችን በትንንሽ ምስል ደርድሮ እንዲያሳይ ተጠቃሚዎች በይፋ የጠየቁት እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ጥያቄው የተመለሰው በ2023 በወጣው ጂቲኬ 4.10 ላይ ነው። ያን ጥያቄ ሲቀርብ የተወለደ ልጅ መልሱ ሲመጣ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። ከሚሠሩት ብዙዎቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸውና አንወቅሳቸውም። ግን «ተጠቃሚን በምርጫ ብዛት ግራ አናጋባው» የሚለው መፈክር ምን ያህል ሊያስጠብቅ እንደሚችል ምስክር ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ቋንቋ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ነው ሳጥኗ ባዕድነቷን የምታሳየን። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የአማርኛ መጻፊያዎች ዘመን ገጹ ላይ አማርኛ እንጽፋለን፤ ሴቭ ስንል ግን ሳጥኗ ፊደላችንን አታውቀውም። ስለዚህ የአማርኛ ደብዳቤ በላቲን ፊደል ስም ይወጣለት ነበር። አንዱ «ደብዳቤ» የሚለውን በአንድ ዓይነት ይጽፋል፣ ሌላው በሌላ ዓይነት፤ ጸሐፊዋ ፈቃድ የወጣች ቀን ፋይሉን የሚያገኘው የለም። የእኛ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገባ። በ2007 ለገበያ የወጣው ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የሚባለውን የአማርኛ ፊደል ይዞ መጣ። ዛሬ የፋይል ስም በአማርኛ መጻፍ ይቻላል። ታዲያ ስንቶቻችን እንጽፋለን? ልማድ ሆኖብን ዛሬም የአማርኛውን ጽሑፍ በላቲን እንሰይማለን።

እሺ፣ በአማርኛ ልንጽፍ ወሰንን እንበል። «የወ/ሮ እገሌ ማመልከቻ» ብላችሁ ሴቭ በሉት። ሳጥኗ አትቀበልም። ዊንዶውስ ውስጥ ያቺ ያዘመመች መስመር በፋይል ስም ውስጥ ክልክል ናት። ወ/ሮ የለም፣ ት/ቤት የለም፣ መ/ቤት የለም፣ የደብዳቤ ቁጥር የለም፣ 12/09/2017 የለም። የመሥሪያ ቤት አማርኛ ግማሹ በእሷ የተሠራ ነው እኮ! ይቅርታ መጠየቂያውም በእንግሊዝኛ ነው። ምን እንዳጠፋች ያልገባት ጸሐፊ ተናዳ «1» ብላ ሴቭ ታደርገዋለች፤ ቀጥሎ «11»፣ ቀጥሎ «111»። ከዚያ እኛ የተማርነው እንስቃለን።

ፍለጋውም ያው ነው። «ስሙን ሳጥኗ ላይ ጽፈህ ፈልገው» ይሉናል። «ዓለም» ብላችሁ ያስቀመጣችሁትን «አለም» ብላችሁ ፈልጉት እስቲ። ለእኛ አንድ ድምፅ ነው፤ ለኮምፒዩተሩ ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። «ፀሐይ» እና «ጸሀይ»፣ «ሥራ» እና «ስራ» እንደዚያው። እንግዲህ ፎልደር ሞተ፣ ፍለጋ ነገሠ የሚለው ስብከት ለእኛ ፊደል የተሰበከ አይደለም ማለት ነው። በእኛ ቋንቋ ለሚጽፍ ሰው ፋይሉን የት እንዳስቀመጠ ማወቅ ዛሬም ዋናው ነገር ነው።

የመጨረሻው ነጥባችን የሙያችን ጉዳይ ነው። የኦፕን ሳጥን ስትከፈት በቅርብ የተነኩ ፋይሎችን የመዘርዘር አመል አላት። ለባለቤቷ አገልግሎት ነው። ለኢንተርኔት ካፌ፣ አምስት ሰው ለሚጋራው የቢሮ ኮምፒዩተር ግን ወሬ ማቀበል ነው። ምንጩን ለመጠበቅ ስሙን ጋዜጣ ላይ የማያወጣ ጋዜጠኛ፣ ፋይሉን በምንጩ ስም ሰይሞ ካፌ ውስጥ ከፍቶት ይሄዳል። ቀጥሎ የተቀመጠው ሰው ኦፕን ሲል ስሙ ፊቱ ላይ ይደረደራል። ይህን የሚያስጠፋ ማስተካከያ አለ፤ በዊንዶውስ 10 እና 11 ፎልደር ኦፕሽንስ ውስጥ ፕራይቬሲ በሚለው ሥር በቅርብ የተከፈቱ ፋይሎችን ማሳየት ማቆም ይቻላል። ስለ ምንጭ ጥበቃ ሦስት ክሬዲት ተምረናል። ይህን ግን ማንም አላስተማረንም።

በነገራችን ላይ ዊንዶውስ የፋይል ስም ጅራትን በነባሪ ይደብቃል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 ዓለምን ያመሰው «አይ ላቭ ዩ» የተባለው ቫይረስ የፍቅር ደብዳቤ መስሎ የገባው በዚያ ክፍተት ነበር። እውነተኛ ጅራቱ ስለተደበቀ ፕሮግራሙ ተራ ጽሑፍ ይመስል ነበር። በየፍላሻችን ፎልደር መስሎ የሚቀመጠውም ቫይረስ የሚኖረው በዚሁ ነው። እንግዲህ የላቡ ኃላፊ ሲን የቆለፈበት ቫይረስ እንዲህ ባለው ክፍተት ሲገባ፣ መፍትሔው ጅራቱን ለሁሉም ማሳየት ነው ወይስ የተማሪ ሥራ ማጥፋት?

ስለዚህ ጩኸታችን እንደሚከተለው ነው።

የላብና የቢሮ አይቲ ኃላፊዎች ሆይ! የምታስተዳድሩት ኮምፒዩተር ላይ እንደ ማንም ተጠቃሚ ቁጭ ብላችሁ አንድ ጊዜ ሴቭ በሉ። ሳጥኗ የምታቀርበው ቦታ ነገም የሚኖር ቦታ ካልሆነ አዛውሩት። ማዛወር ካቃታችሁ በር ላይ ጻፉት፤ ከምግብና መጠጡ በላይ።

አሠልጣኞች ሆይ! «መሠረታዊ ኮምፒዩተር» ብላችሁ ለሳምንታት ፊደል ማድመቅና ማስመር ስታስተምሩ፣ ፋይል የት እንደሚሄድ የምታሳዩት በስንት ደቂቃ ነው? የመጀመሪያው ትምህርት እሱ ይሁን። ክሮምም ሆነ ፋየርፎክስ ከኢንተርኔት ሲያወርድ የት እንደሚያስቀምጥ እንዲጠይቅ የሚደረግበት ማስተካከያ እንዳለው ያላየ ተማሪ ሰርተፊኬት አይሰጠው።

ሶፍትዌር ሠሪዎች ሆይ! በተለይ የአገራችን ልጆች፣ ለባንኩና ለክሊኒኩ ሲስተም የምትሠሩት። ሳጥናችሁ አማርኛ ትናገር። ወ/ሮ የሚለውን ስትከለክል ምን መጻፍ እንደሚቻል ትንገረን። ሀ እና ሐን፣ ሰ እና ሠን አንድ አድርጎ መፈለግ የእናንተ ሥራ ነው፤ ከውጭ መጥቶ የሚሠራላችሁ የለም።

እኛ ተጠቃሚዎችም ከወቀሳ አናመልጥም። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» የሚለውን ተረት ለሌላው ብቻ እየተረትን ኖረናል። ለሴቭ ሳጥን አንድ ትንፋሽ እንስጣት፤ ከላይ የተጻፈውን ቦታ ሳናነብ አንጫን። የፋይሉን ስም ከዓመት እንጀምር፣ 2017-09-12 ብለን፣ በሰረዝ፤ በቅደም ተከተል ይሰለፍልናል። አንድ አጻጻፍ መርጠን እንጽና።

ያቺ ጓደኛችን ዛሬ ሥራ ላይ ናት። ቢሮዋ አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር የምታሳየው መጀመሪያ መጸዳጃ ቤቱን፣ ቀጥሎ ዲ ድራይቭን ነው። ይስቁባታል። እሷም አብራ ትስቃለች። ግን የአዛውንቱ ቃል የትም የለም። ምን እንዳሏት ስንጠይቃት ዋና ዋናውን ትነግረናለች፤ አነጋገራቸውን ግን አታስታውሰውም።

ያቺን ሳጥን ትንሽ ናት ብላችሁ የናቃችሁ ሁሉ፣ እስቲ ዛሬ የጻፋችሁትን ፋይል የት እንዳለ ሳትፈልጉ ንገሩን።